ቤት ያለ ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የማያስፈልጉ ፖርቶችና ሰርቪሶችን መዝጋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሊኑክስ የጫኑ ልጆች ይሄን ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልሰብስበው ብዬ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ ናቸው፣ ዴቢያንና ሚንት ላይም ብዙ አይለይም። ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው አፋችን ላይ እንደምንጠራቸው ነው፣ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የምታስገቡት፣ «ሰረዝ» ስል ደግሞ የመቀነስ ምልክቷን ማለቴ ነው።

ፖርት ምንድነው? «ፖርቱ ክፍት ነው» ሲባልስ?

ፖርት ቁጥር ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። ከ0 እስከ 65535 ይሄዳል፣ ለቲሲፒ ለብቻው ለዩዲፒም ለብቻው (ሁለቱም በኔትወርክ ዳታ የሚላክባቸው መንገዶች ናቸው)። ኮምፒውተራችሁን መስኮቱ ብዙ የሆነ ረጅም የሱቅ ቤት አድርጋችሁ አስቡት፣ እያንዳንዱ መስኮት ቁጥር አለው፣ ግን ከመስኮቱ ጀርባ ባለሱቅ ካልተቀመጠ ብታንኳኩ ማንም አይመልስላችሁም። ባለሱቁ ሰርቪሱ ነው፣ ማለትም ከጀርባ ዝም ብሎ የሚሰራ ፕሮግራም። ስለዚህ «22 ክፍት ነው» ማለት 22 ቁጥር ላይ አንድ ፕሮግራም ቁጭ ብሎ የሚመጣ ካለ ብሎ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ፖርት የሚዘጋ የሆነ ቁልፍ ያለ ይመስለዋል፣ የለም፤ ፕሮግራሙን ስታጠፉት ፖርቱ አብሮ ይዘጋል። ይሄ ከገባችሁ የቀረው ቀላል ነው።

እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ፊልም የማይ ሰው ነኝ፣ ማን ነው እኔን ሃክ የሚያደርገኝ?

በስም የሚፈልጋችሁ ላይኖር ይችላል። ግን ፖርት የሚያንኳኩት በአብዛኛው ሰዎች አይደሉም፣ ፕሮግራሞች ናቸው፣ ቀንና ሌሊት አድራሻ በአድራሻ እየዞሩ ነው የሚሞክሩት፣ የማን ቤት እንደሆነ ግድ የላቸውም። ኢንተርኔት ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ሰርቨር ኖሮት የኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ሰርቪስ፣ ሎጉን ከፍቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ሩት፣ አድሚን፣ ቴስት እያለ ፓስወርድ የሚሞክረው ማለቂያ የለውም። ደግሞ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ፊልም ብቻ ነው እንዴ? የፓስፖርት ስካን፣ የልጆች ፎቶ፣ ብሮውዘሩ ላይ ሴቭ የተደረገ የኢሜይል ፓስወርድ፣ የመመረቂያ ጽሁፍ... እነዚህ እኮ ለባለቤቱ ብዙ ናቸው።

ራውተር አለኝ፣ እሱ አይበቃኝም?

ይሄ ጥያቄ በጣም ስለሚመጣ ትንሽ ልቆይበት። ራውተሩ ስራ ይሰራል፣ አልክድም። በአይፒቪ4 (በተለመደው የኢንተርኔት አድራሻ አይነት) ቤት ውስጥ ያለው መሳሪያ ሁሉ ወደ ውጭ የሚወጣው በአንድ አድራሻ ነው፣ ስለዚህ ከውጭ ማንም ሳይጠራው የመጣ ግንኙነት ለማን እንደሚሰጥ ራውተሩ ስለማያውቅ ይጥለዋል። ጥሩ። ግን ይሄ የሚከለክለው ከውጭ የሚመጣውን ነው፣ ከውስጥ ያለውን አይነካም።

ታዲያ «ውስጥ» ያለው ማነው? እኛ ሰፈር አንድ ዋይፋይ አስገብቶ ከጎረቤት ጋር እያዋጡ መጠቀም የተለመደ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ላይ አንድ ፎቅ ሙሉ በአንድ ራውተር ሲጠቀም አይቻለሁ፣ ፓስወርዱን ደግሞ እንግዳ መጥቶ ሲጠይቅ እምቢ አይባልም፣ እንግዳው ስልኩ ላይ ሴቭ አድርጎት ይሄዳል። የግድ ክፉ ሰው መኖር የለበትም እኮ፣ ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ኮምፒውተር ቫይረስ ካለበት እሱ ራሱ በኔትወርኩ ላይ ያሉትን ሁሉ መነካካት ይጀምራል። ለእሱ እናንተ ውስጥ ናችሁ፣ ራውተሩ በመሀላችሁ የለም።

ከዛ ላፕቶፕ ይጓዛል፣ ራውተሩ ግን ቤት ይቀራል። ካፌ ትገባላችሁ፣ ካምፓስ ዶርም ትገባላችሁ፣ ሆቴል ታድራላችሁ፣ አንዳንድ ቦታ ተጠቃሚዎቹ እርስ በእርስ እንዳይገናኙ ያደርጉታል፣ ብዙ ቦታ ግን አያደርጉትም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ውጭ ሀገር ያላችሁ በተለይ፣ አይፒቪ6 (አዲሱ የአድራሻ አይነት) ያለው መስመር ላይ እያንዳንዱ መሳሪያ የራሱ የሆነ የውጭ አድራሻ ይደርሰዋል፣ ያ «ለማን እንደምሰጥ አላውቅም» የሚለው መከላከያ እዛ ላይ የለም፣ ራውተሩ ለብቻው የአይፒቪ6 ፋየርዎል (የሚመጣ ግንኙነትን የሚያጣራ) ካለውና ከበራ ብቻ ነው የሚከለክለው። ሌላው ዩፒኤንፒ የሚባለው ነው፣ ቤት ውስጥ ያለ ፕሮግራም ራውተሩን «ይሄን ፖርት ክፈትልኝ» ብሎ ሲጠይቀው እናንተን ሳያማክር ይከፍትለታል፣ ጌምና ቶረንት ላይ ይጠቅማል እንጂ ካላስፈለጋችሁ ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት።

ምን ምን ክፍት እንደሆነ እንዴት አያለሁ?

ተርሚናል ክፈቱና ሱዶ ኤስኤስ ሰረዝ ቲዩኤልፒኤን ብላችሁ ጻፉ። ፊደሎቹን እንዲሁ ከመሸምደድ ትርጉማቸውን ብታውቁ አትረሱም፦ ቲ ቲሲፒ ነው፣ ዩ ዩዲፒ ነው፣ ኤል እየጠበቁ ያሉትን ብቻ አሳየኝ ነው፣ ፒ የፕሮግራሙን ስም፣ ኤን ደግሞ ፖርቱን በስም ሳይሆን በቁጥር አሳየኝ ነው። ሱዶ በአስተዳዳሪ ስልጣን አስነሳው ማለት ነው፣ እሱን ካላላችሁ የሌላ ተጠቃሚ ፕሮግራም ስም ባዶ ሆኖ ይመጣል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ግራ የሚገባው። ድሮ ኔትስታት ነበር የምንጠቀመው፣ አሁን ብዙ ዲስትሮ (የሊኑክስ አይነት) ላይ አብሮ አይመጣም።

የሚመጣው ሰንጠረዥ ሊያስፈራ ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከፖርት ቁጥሩ በፊት ያለው አድራሻ። 127 ብሎ የሚጀምር ወይም [::1] ከሆነ ያ ፕሮግራም የሚያናግረው ራሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፣ ከውጭ ማንም አይደርስበትም፣ እሱን እለፉት። 0.0.0.0 ወይም ኮከብ ምልክት ወይም [::] ከሆነ ግን በሁሉም በኩል ለመጣ ሁሉ መስኮቱን ከፍቷል ማለት ነው። የምትሰሩት ስራ በሙሉ እነዚህ ላይ ነው። የዋይፋያችሁ አድራሻ ራሱ፣ ለምሳሌ 192.168 ብሎ የሚጀምር፣ ከተጻፈም እንደዚሁ ከኔትወርኩ ይደረስበታል።

ዩዲፒ ላይ «ሊስን» ሳይሆን «አንኮን» የሚል ታያላችሁ፣ አትደናገጡ፣ ዩዲፒ እንደ ቲሲፒ የግንኙነት ስርአት ስለሌለው እንጂ እሱም እየጠበቀ ነው።

ዝርዝሩ ላይ የማላውቃቸው ስሞች አሉ፣ ምንድናቸው?

ቤት ያለ ማሽን ላይ ቶሎ ቶሎ የሚታዩትን ልንገራችሁ።

ሲስተምዲ ሪዞልቭድ፣ 127.0.0.53 ላይ ፖርት 53። የዌብሳይት ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይርላችሁ እሱ ነው። አትንኩት፣ ካጠፋችሁት «ኢንተርኔት ጠፋ» ብላችሁ ነው የምትመጡት።

አቫሂ፣ ዩዲፒ 5353። በኔትወርኩ ላይ ያለ ፕሪንተር ወይም ሌላ ኮምፒውተር በስሙ እንዲገኝ የሚያደርግ ነው። ከ5353 ሌላ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር የሚቀያየሩ ትላልቅ ቁጥሮችም ይይዛል፣ እነዛን አይቶ ቫይረስ ገባብኝ ያለ ልጅ ነበር። ፕሪንተር ምናምን በዋይፋይ ካልተጠቀማችሁ ዝጉት፣ ምንም አይጎድልባችሁም።

ከፕስ፣ ፖርት 631። የፕሪንት ሰርቪስ ነው። ቲሲፒው በአብዛኛው 127 ላይ ስለሆነ አያሳስብም። አጠገቡ ያለው ከፕስ ብራውዝድ ግን ሌላ ታሪክ አለው፣ ዩዲፒ 631ን ለሁሉም ከፍቶ ይቀመጥ ነበር፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2024 ላይ የወጣው ክፍተት በዚህ በኩል ነው፣ አጥቂው በአንድ ፓኬት የውሸት ፕሪንተር ያስመዘግባል፣ ከዛ ባለቤቱ በዛ ፕሪንተር አንድ ነገር ፕሪንት ሲያደርግ የአጥቂው ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰራል። አፕዴት ወጥቶለታል። ግን ስንቱ ነው ቤቱ ፕሪንተር ያለው? ፕሪንተር ሳይኖራቸው ይሄን ክፍተት ተሸክመው የከረሙትን ሳስብ ነው እኔ ይሄን ጉዳይ የምር የያዝኩት።

ኤስኤስኤችዲ፣ ፖርት 22። ከሩቅ መግቢያ ነው። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ላይ ከመጀመሪያው አብሮ አይመጣም፣ ካያችሁት የሆነ ቀን የሆነ ሰው ጭኖታል። ከሩቅ የማትገቡበት ከሆነ አውጡት።

ሳምባ፣ 139 እና 445፣ ከዊንዶውስ ጋር ፎልደር ለመጋራት። 2017 ላይ ከባድ ክፍተት የተገኘበት ነው። አንዴ ፋይል ለማሻገር ተብሎ ተጭኖ ለአመታት ተረስቶ ይቀራል። አርፒሲባይንድ፣ 111፣ ኤንኤፍኤስ የሚባለውን የፋይል መጋሪያ ካልተጠቀማችሁ አያስፈልግም።

ማይኤስኪውኤል 3306፣ ፖስትግሬስ 5432፣ ሬዲስ 6379፣ ሞንጎ 27017፣ አፓቼ ወይም ኤንጂንኤክስ 80። እነዚህ ዳታቤዞችና ዌብ ሰርቨሮች ናቸው፣ በአብዛኛው የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ቅሪቶች። እኔ ራሴ ለአንድ ኮርስ ብዬ የጫንኩት አፓቼ ኮርሱ ካለቀ ከሁለት አመት በኋላ ሳየው አሁንም ይሰራል፣ የፕሮጀክቱ ፎልደር ከነ ዳታቤዝ ፓስወርዱ ፋይል በዋይፋዩ ላይ ላለ ሁሉ ይታይ ነበር። በዛ ጊዜ ዋይፋዩን የምጋራው ከአምስት ቤት ጋር ነው።

አንድ ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው አለ። ፋይል ወደ ስልክ ለማሻገር ፓይተን 3 ሰረዝ ኤም ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር ብለው የሚያስነሱት። 8000 ላይ ለሁሉም ይከፍታል፣ ትእዛዙን ያስነሳችሁበትን ፎልደር ከነሆዱ ያሳያል፣ ሆም ፎልደራችሁ ላይ ሆናችሁ ካስነሳችሁት እንግዲህ አስቡት። ስትጨርሱ ኮንትሮል ሲ።

እሺ፣ እንዴት ነው የምዘጋው?

በሲስተምሲቲኤል ነው፣ ሰርቪሶችን ማስነሻና ማቆሚያ ትእዛዝ ነው። ለምሳሌ አቫሂን ለመዝጋት ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዲሴብል ሰረዝ ሰረዝ ናው ብላችሁ የሰርቪሱን ስም፣ አቫሂ ሰረዝ ዴመንን ታስከትላላችሁ። ዲሴብል ብቻ ካላችሁ ከሚቀጥለው ማስነሳት ጀምሮ አይነሳም እንጂ አሁን እየሰራ ይቀጥላል፣ ስቶፕ ብቻ ካላችሁ ደግሞ አሁን ይቆማል ግን ነገ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ናው የምትለዋ ሁለቱንም ባንዴ ትጨርሳለች። ጭራሽ የማትፈልጉት ከሆነ ደግሞ ፓኬጁን ሱዶ ኤፒቲ ፐርጅ ብላችሁ አውጡት፣ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሌለ ፕሮግራም አፕዴትም አይፈልግም። ከማውጣታችሁ በፊት ግን አብሮ ምን እንደሚያወጣ የሚዘረዝርላችሁን አንብቡ፣ የስ ብላችሁ አትለፉ፣ አንዳንዴ ሌላ የምትፈልጉትን ይዞ ይሄዳል።

አንድ አንድ እያላችሁ ዝጉ እባካችሁ። አንዱን ዘግታችሁ አንድ ቀን ተጠቀሙበት፣ ደህና ከሆነ ቀጣዩን። በአንድ ጊዜ አስሩን ዘግቶ የሆነ ነገር ሲበላሽ የትኛው እንደሆነ መፈለግ ያደክማል።

ዘግቼው ነበር፣ ተመልሶ ተነሳ፣ ለምን?

ሶኬት ነው። ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ዋና ፕሮግራም) አንዳንድ ሰርቪሶችን ወክሎ እሱ ራሱ ፖርቱ ላይ ይቀመጥና የሆነ ሰው ሲያንኳኳ ሰርቪሱን ይቀሰቅሰዋል። ባለሱቁ ቤቱ ተኝቷል፣ ልጁ ግን መስኮቱ ስር ቁጭ ብሎ ገዢ ሲመጣ እየሮጠ ይጠራዋል። ስለዚህ ከሰርቪሱ ጋር ነጥብ ሶኬት የሚለውንም መዝጋት አለባችሁ። ከፕስ ላይ ሰርቪስ፣ ሶኬትና ፓዝ የሚባሉ ሶስት አሉ፣ ኤስኤስኤችም ከኡቡንቱ 22.10 ጀምሮ በሶኬት ነው የሚነሳው። ስቶፕ ስትሉት ተርሚናሉ ራሱ «ይሄኛው ሶኬት ሊቀሰቅሰው ይችላል» ብሎ ያስጠነቅቃችኋል፣ ብዙ ሰው አያነበውም እንጂ። በዛም ካልሆነ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ማስክ በሉት፣ ማስክ የተደረገ ሰርቪስ ሌላ ፕሮግራም ቢጠራውም አይነሳም፣ ሲያስፈልጋችሁ አንማስክ ነው።

ፋየርዎል ካበራሁ ሰርቪሱን ለምን እዘጋለሁ?

ፋየርዎል ዘበኛ ነው፣ ባለሱቁ ግን ከውስጥ አለ። ዘበኛው አንድ ቀን ከተሳሳተ፣ ወይ እናንተ የሆነ ነገር ለመሞከር ብላችሁ አጥፍታችሁት ከረሳችሁ፣ ወይ ሌላ ፕሮግራም ጎን ለጎን ህግ ከጻፈበት፣ መስኮቱ እንደገና ክፍት ነው። የማይሰራ ፕሮግራም ግን ማንም በኔትወርክ ሊያጠቃው አይችልም። እኔ አጥብቄ የምለው ይሄን ቅደም ተከተል ነው፣ መጀመሪያ ሰርቪሱን አጥፉ፣ ከዛ ለቀረው ፋየርዎል።

በፈረንጆቹ ማርች 2024 ላይ ኤክስዜድ የምትባል ፋይል መጭመቂያ ላይብረሪ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር ተገኘ፣ በኤስኤስኤች በኩል ለመግባት የተሰራ ነው። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ኤስኤስኤች መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ሲያጣራ ነው። ደግነቱ የሙከራና ቶሎ ቶሎ የሚቀያየሩ ቨርዥኖች ላይ እንደደረሰ ተያዘ። የተበከለው ላይብረሪ ኖሮት ኤስኤስኤች የማያስነሳ ማሽን ግን በዛ በር የሚገባበት አልነበረም።

ዩኤፍደብሊውን እንዴት ላብራው?

ዩኤፍደብሊው ፋየርዎሉን የምናዝበት ፕሮግራም ነው፣ ኡቡንቱ ላይ አብሮ ይመጣል ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሱዶ ዩኤፍደብሊው ዲፎልት ዲናይ ኢንካሚንግ፣ ቀጥሎ ሱዶ ዩኤፍደብሊው ኢኔብል፣ ከዛ ስታተስ ቨርቦዝ ብላችሁ ማየት። በቃ። ትእዛዝ ከመጻፍ ይልቅ በማውዝ መስራት የሚመርጥ ጂዩኤፍደብሊው መጫን ይችላል።

በኤስኤስኤች ከሩቅ ገብታችሁ እየሰራችሁ ከሆነ ግን ኢኔብል ከማለታችሁ በፊት አላው ኤስኤስኤች በሉ፣ አለበለዚያ ራሳችሁን ውጭ ቆልፋችሁ ነው የምትቀሩት። አንድ ብዙ የማይነገር ነገር ደግሞ፣ ዩኤፍደብሊው ሲበራም የአቫሂን 5353 ትራፊክ በራሱ የመነሻ ህግ ያሳልፈዋል፣ ስለዚህ አቫሂን ካልፈለጋችሁት ፋየርዎሉ ዘጋልኝ ብላችሁ አትተዉት።

ዶከር እጠቀማለሁ፣ የሚለይ ነገር አለ?

አለ፣ በጣም። ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬደው) ፖርት ስታወጡ ህጎቹን በቀጥታ አይፒቴብልስ (የሊኑክስ የፋየርዎል ህጎች የሚጻፉበት) ላይ ነው የሚጽፈው፣ የዩኤፍደብሊውን ህግ አልፎ ይሄዳል። ዩኤፍደብሊው ሁሉንም ዘግቻለሁ እያላችሁ የኮንቴይነሩ ዳታቤዝ ለዋይፋዩ ሁሉ ክፍት ሊሆን ይችላል። መፍትሄው ፖርቱን ስታወጡ ከፊቱ አድራሻውን መጻፍ ነው፣ 8080:80 በማለት ፈንታ 127.0.0.1:8080:80። ኮምፖዝ ፋይል ላይም እንደዚሁ። ዌብ የምትማሩ ልጆች ይሄን ዛሬውኑ አስተካክሉት።

ፌዶራ ላይስ?

ፌዶራ ላይ ፋየርዎልዲ ነው ያለው፣ በርቶም ነው የሚመጣው። ግን ወርክስቴሽኑ ላይ ያለው የመነሻ ዞን (የህጎች ስብስብ) ከ1025 እስከ 65535 ያለውን ክፍት ይተወዋል፣ ስለዚህ በርቷል ብላችሁ አትዘናጉ፣ ዞኑን ወደ ፐብሊክ ቀይሩት።

443ን ብዘጋ ኢንተርኔት ይቋረጥብኛል?

የሚመጣውን ብትዘጉ አይቋረጥም። ዌብሳይት ስትከፍቱ 443 የእነሱ መስኮት ነው፣ የእናንተ ብሮውዘር ከራሱ በኩል ለጊዜው አንድ ትልቅ ቁጥር ይዞ ነው የሚወጣው። ቤት ያለ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ለመጠቀም አንድም ሁሌ ክፍት የሆነ ፖርት አያስፈልገውም ማለት ይቻላል።

ኤስኤስኤች የምር ያስፈልገኛል፣ ምን ላድርግ?

አቆዩት። በፓስወርድ መግባትን አጥፍታችሁ በቁልፍ (ኤስኤስኤች ኪ በሚባለው ፋይል) ብቻ አድርጉት፣ መጀመሪያ ግን ቁልፉ እንደሚሰራ በሌላ ተርሚናል አረጋግጡ። ከቤት ኔትወርክ ብቻ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ዩኤፍደብሊው ላይ አላው ፍሮም ብላችሁ የቤታችሁን የአድራሻ ክልል ስጡት። ሊሚት የሚባልም አለ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ 6 ጊዜና ከዛ በላይ ለመገናኘት የሞከረን አድራሻ ይከለክላል። ፖርቱን ከ22 ወደ 2222 መቀየር ሎጉን ያቀልላችኋል እንጂ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል፣ እሱን እንደ መከላከያ አትቁጠሩት።

ሰርቪስ ከዘጋሁ ኮምፒውተሬ ይፈጥናል?

ትንሽ ሜሞሪ ይተርፋል፣ ያን ያህል ግን አትጠብቁ።

በትክክል መዘጋቱን እንዴት ላረጋግጥ?

ከሌላ መሳሪያ ነው መታየት ያለበት፣ ከራሱ ከኮምፒውተሩ ካያችሁት 127 ላይ ያሉትም ተደባልቀው ይመጡና ያደናግራችኋል። ሁለተኛ ኮምፒውተር ከሌላችሁ አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ (የተርሚናል አፕ) ጭናችሁ ኤንማፕን (ክፍት ፖርቶችን የሚፈትሽ ፕሮግራም) እዛ ላይ መጫን ትችላላችሁ። ላፕቶፑ ላይ አይፒ ኤ ብላችሁ አድራሻውን እዩ፣ ከስልኩ ኤንማፕ ሰረዝ ፒ ሰረዝ ብላችሁ አድራሻውን አስከትሉ። ያቺ ሰረዝ ፒ ሰረዝ ከሌለች ኤንማፕ የተለመዱትን 1000 ፖርቶች ብቻ ነው የሚያየው። ዩዲፒን ደግሞ በዚህ አታዩትም፣ እሱን በኤስኤሱ ዝርዝር ተማመኑ። የራሳችሁን ማሽን ብቻ ስካን አድርጉ፣ የመስሪያ ቤትና የካምፓስ ኔትወርክ ላይ ሳያስፈቅዱ ይሄን ማድረግ ችግር ውስጥ ያስገባል።

አንዴ ከዘጋሁ አለቀ?

አላለቀም፣ አዲስ ነገር ስትጭኑ አዲስ ሰርቪስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ብዙ ሰርቪስ እንደተጫነ ወዲያው ይነሳል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፣ ሁሉንም ዘግቼ ከጨረስኩ በኋላ የኤስኤሱን ውጤት አንድ ፋይል ላይ አስቀመጥኩት፣ አጠገቡ እያንዳንዱ ለምን ክፍት እንደቀረ አንድ አንድ መስመር ጻፍኩበት። ዲስትሮ አፕግሬድ ካደረግኩ ወይ ትልቅ ፕሮግራም ከጫንኩ እንደገና አወጣና ጎን ለጎን አያቸዋለሁ። አዲስ መስመር ካለ ማን እንዳስገባው እስካውቅ ድረስ እዘጋዋለሁ፣ የሚያስፈልገኝ ከሆነ የሆነ ነገር አልሰራ ሲለኝ አውቀዋለሁ፣ ያኔ እከፍተዋለሁ።